ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሁለቱን ንስሮች መለየት፦ ባላገሩና እንግዳው

ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍሮ እንጦጦን የተሻገረ ሰው፣ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ በተዘረጋው ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ቡናማ ወፍ ከድርቆሽ ክምር አጠገብ ቆሞ ማየቱ አይቀርም። "ንስር ነው" ይላል፤ ልክ ነው። "የትኛው ንስር?" ብትሉት ግን ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። እኔም ለረጅም ጊዜ አልነበረኝም።

እዚያ ሜዳ ላይ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎች አብረው ይውላሉ። አንደኛው ታውኒ ኢግል የሚባለው ነው፤ እዚሁ አገር በዛፍ ጫፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ ይፈለፍላል፣ ክረምት ከበጋ አይለየንም። ሁለተኛው ስቴፕ ኢግል ነው፤ ከሩሲያና ከካዛክስታን እስከ ሞንጎሊያ በተዘረጋው የሣር ሜዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ በሚሠራው ጎጆ ተፈልፍሎ፣ የአገሩን በረዶ ሸሽቶ በእኛ በጋ ይመጣል። አማርኛችን ሁለቱንም "ንስር" ብሎ ስለሚያልፋቸው፣ እዚህ የመጀመሪያውን ባላገሩ፣ ሁለተኛውን እንግዳው እያልኩ እጽፋለሁ።

መመሳሰላቸው ባለሙያዎችንም አስቸግሯል። ባላገሩ እ.ኤ.አ. በ1828፣ እንግዳው በ1833 ሳይንሳዊ ስም ቢወጣላቸውም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የአንድ ዝርያ ቅርንጫፎች ተደርገው ተቆጥረዋል። ዛሬ ሁለት መሆናቸው ያከራከረ ነገር አይደለም። ቁጥራቸው ግን አሳሳቢ ነው፦ እንግዳው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተርታ ገብቷል፤ ባላገሩም በ2018 ለአደጋ ተጋላጭ ተብሏል። አንዱን በሌላው ስም የሚመዘግብ ሰው ሁለቱንም ይበድላቸዋል። ሥራውን በጥንቃቄ እንድትሠሩት የምፈልገው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ቀለምን ወደ መጨረሻ አቆዩት

አንድ በጋ ሙሉ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሜዳው ጥግ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም አንድ ፈዛዛ ንስር ስመዘግብ ቆየሁ። ቀለሙ ቡላ ነበር፤ ባላገሩ ቡላ ይሆናል ተብሎ ስለተነገረኝ በማስታወሻ ደብተሬ "ባላገር፣ 1" እያልኩ አሰፈርኩ። የካቲት ላይ ቀረብ ብዬ ያነሳሁትን ፎቶ ቤት ገብቼ ሳሰፋው አፉ እስከ ዓይኑ ኋላ ተቀድዷል። እንግዳው ነበር፤ ያረጀ ላባውን ገና ያልለወጠና ፀሐይ ያነጣው ወጣት እንግዳ። የሦስት ወር መዝገብ ተሰረዘ።

ባላገሩ ከክሬም እስከ ቡላ፣ ከቡላ እስከ ዳማ፣ አልፎም እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። እንግዳው በዕድሜና በላባ ማርጀት ይለዋወጣል። ሁለቱም ቀለማቸው በሚገናኝበት መሐል ላይ ዓይን ይታለላል። ይህ የእነዚህ ንስሮች ብቻ ጠባይ አይደለም። በአንታርክቲካ ባሕር ዳርቻ የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት የሚነጥቁ ስኩዋ የሚባሉ የባሕር ወፎች አሉ፤ ቡናማው ስኩዋና የደቡብ ዋልታው ስኩዋ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የደቡብ ዋልታው ፈዛዛም፣ ጠቆር ያለም ሆኖ ይገኛል፤ በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር አካባቢ ደግሞ ሁለቱ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። እዚያም በቀለም የፈረደ ይሳሳታል፤ የሚታመነው የአካልና የምንቃር ግዝፈት ነው። እኛም ከአካል ቅርጽ እንጀምር።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

እንግዳው በብዛት የሚገኘው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ከእስያ ሲመጣ ብዙው በየመን በኩል አድርጎ፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ከ76 ሺህ በላይ ተቆጥረዋል። ሲመለስ ግን ብዙው በሲናይና በኤላት በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ያያችሁት ቡናማ ንስር በአብዛኛው ባላገሩ ነው። በአብዛኛው አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም፤ ወቅት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም።

ከቀኑ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ንስር ከባድ ወፍ ነው፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ድረስ መብረር ያደክመዋል። ሜዳው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ነው፤ ንስሮቹ እስከ ረፋድ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ጓል ላይ፣ ምሰሶ ላይ፣ ክምር ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሥራችሁም በዚህ ይከፈላል፦ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ፊታቸውን የምታዩበት፣ ከዚያ እስከ 6 ሰዓት ክንፋቸውን የምታዩበት ነው። ቀትር ላይ የሚደርስ ሰው ዋናውን ምልክት አጥቶ ይመለሳል።

8 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር ይበቃል። ካሜራ የሌለው ሰው የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ ገጥሞ የሚያነሳው ፎቶ፣ ውበት ባይኖረውም፣ አፍና ዓይን ካሳየ ለሥራችን ምርጥ ነው። ጃኬትና ቦት ጫማ አትርሱ፤ ሜዳው እስከ ኅዳር ድረስ ረግረግ አለው።

ባይኖኩላር ከማውጣታችሁ በፊት ግን መሬቱ ላይ ያለውን ሰው ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ ንገሩ። እርሻና ግጦሽ ነው፤ ባለቤት አለው። እንደዚያ ያደረግሁ ቀን ድርቆሽ የሚከምሩ አንድ አባት "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉኝ። "ንስር እያየሁ ነው አባባ" ስላቸው በመንሻቸው ወደ ሜዳው አመለከቱና "እነዚያ ከአጨዳ ጋር የሚመጡት ናቸው። ያ ዛፉ ላይ ያለው ግን የኛው ነው" አሉ። ባይኖኩላር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ሄጄ አረጋገጥኩ፤ በሁለቱም ልክ ነበሩ።

2. መጀመሪያ ንስር መሆኑን አረጋግጡ

ይህን በፍጥነት እለፉት። ጅራቱ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ ጭልፊት ነው። አንገቱ ረጅም፣ ራሱ ትንሽና ላባው የሳሳ ከሆነ ጥንብ አንሳ ነው። በየምሰሶው ላይ የሚታየው፣ ሲበር ከሥር ነጣ ብሎ አጭር ቀይ ጅራት የሚያሳየው ኦገር በዛርድ የሚባለው ሌላ አዳኝ ወፍ ነው፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ራቁቱን ቢጫ ነው። የምንፈልጋቸው ሁለቱ ንስሮች ግን ሰፊ ሱሪ እንደታጠቀ ሰው እስከ ጣታቸው ሥር ድረስ እግራቸው በላባ የተሸፈነ ነው። ራቁት ቅልጥም ካያችሁ እለፉ።

3. አፉን እዩ

መመሪያው ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል።

ወፉን ከጎን ተመልከቱት። ከምንቃሩ ሥር ተነስቶ በጉንጩ ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ወፍራም መስመር አለ፤ የአፉ ቅዳጅ ጠርዝ ነው። አሁን ከዓይኑ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። ቢጫው እዚያ፣ ከዓይኑ መሐል ትክክል ላይ ካቆመ ባላገሩ ነው። የዓይኑን መሐል አልፎ እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ከደረሰ እንግዳው ነው። እንግዳው በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ባላገሩ አፉን የገጠመ፣ ኮስተር ያለ ፊት አለው።

በቃል ቀላል ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ሦስት ነገር ያሳስታል። አንደኛው አንገት ማዞር ነው፦ ወፉ ፊቱን ትንሽ ወደ እናንተ ካዞረ መስመሩ አጥሮ ይታያል፣ እንግዳው ባላገር ይሆንባችኋል። ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ከጎን እስኪታይ ጠብቁ። ሁለተኛው ጥላ ነው፦ ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ከሆነች ከዓይኑ ሥር ያለው ጥላ የመስመሩን ጫፍ ይውጠዋል። ጠዋት ከሆነ ከወፉ በስተምሥራቅ ዞራችሁ ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጉ። ሦስተኛው መብል ነው፦ የበላ ንስር ጉንጩ በደም ይለቀለቃል። ምንቃሩን ሣር ላይ እስኪጠርግ ታገሡ፤ ሁልጊዜ ይጠርገዋል።

ወደ ወፉ በቀጥታ አትራመዱ። እንደሚያልፍ መንገደኛ በሰያፍ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ሌላ ቦታ እዩ፣ እንደገና ሂዱ። አንገቱን አስረዝሞ ላባውን ሰብሰብ ካደረገ ሊነሳ ነው፤ እዚያው ቁሙ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ከአንድ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ንስር ለአርባ ደቂቃ ያህል ተመልክቻለሁ። አዲስ የተገፋ ጥቁር አፈር ክምር አጠገብ ራሱን ወደ ታች አዘንብሎ እንደ ድንጋይ ቆመ። ውርጩ በሣሩ ላይ ነበር። ከብቶች በአጠገቡ አለፉ፣ አልተነቃነቀም። አፈሩ ከውስጥ ትንሽ ገፋ ሲል አንድ እግሩን አነሳና በአየር ላይ ያዘው፤ አፈሩ ተመልሶ ጸጥ ሲል እግሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በመጨረሻ አፉን ከፍቶ አዛጋ፤ ቢጫው መስመር ከዓይኑ ኋላ ድረስ ተከፈተ፣ ውስጡ ሮዝ ሆኖ ታየ። ከሩቅ አገር መጥቶ በሱሉልታ ፍልፈል ደጃፍ ላይ የሚያዛጋ እንግዳ ነው። ያን ያየ ሰው ሁለቱን ዳግም አያምታታም።

ፊቱ ላይ ሳላችሁ ዓይኑንም እዩ። አዋቂው ባላገር ዓይኑ ወደ ቢጫነት ያደላ ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ አዋቂው እንግዳ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ ነው። ወጣት ባላገር ግን ዓይኑ ገና ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ ፈዛዛ ዓይን ባላገርን ሊያሳውቅ ይችላል፣ ጥቁር ዓይን ግን ምንም አያረጋግጥም።

4. ሲነሳ ክንፉን እዩ

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ አፍ አይታይም፤ በእሱ ፋንታ የክንፉ ሥር ይከፈትላችኋል። ከዕድሜው ጀምሩ።

ወጣት እንግዳ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ከክንፉ ሥር፣ ከብብቱ እስከ ክንፉ ጣቶች (ጫፉ ላይ ተነጣጥለው እስከሚታዩት ረጃጅም ላባዎች) አቅራቢያ፣ መሐል ለመሐል ሰፊ ነጭ መቀነት ታጥቋል። የክንፉና የጅራቱ የኋላ ጠርዝም ነጭ ነው። ዕድሜው ሲጨምር መቀነቱ እየጠበበ፣ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ሙሉ የአዋቂ ላባ እስኪለብስ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ወጣት ባላገር በዚያው ቦታ ቢበዛ ቀጭን ፈዛዛ መስመር አለው፤ መቀነት አይባልም።

አዋቂው እንግዳ መቀነቱን ያጣል። ያኔ የክንፉን ረጃጅም ላባዎች ተመልከቱ፦ ግራጫ ሆነው በጥቋቁር መስመሮች የተዘነጎረጎሩ ናቸው፣ ከኋላ ጠርዛቸው ላይ ደግሞ ሰፊ ጥቁር ጥለት አለ። ማጅራቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የዝገት ቀለም ያለው እድፍ ታያላችሁ። አዋቂው ባላገር እነዚያ መስመሮች የሉትም፣ ወይም እጅግ ፈዛዛ ናቸው፤ ከክንፉ ጣቶች ወደ ውስጥ ባሉት ላባዎች ላይ ግን ነጣ ያለ ሽብልቅ ይታይበታል። ከላይ ሲታይ ደግሞ ወገቡ ላይ ፈዛዛ ነው።

መጠን? እንግዳው ይተልቃል፤ ክንፉ ተዘርግቶ ከ1.65 እስከ 2.15 ሜትር ይደርሳል፣ የባላገሩ ከ1.6 እስከ 1.9 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሮቹ እንደሚደራረቡ ልብ በሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልበረሩ በቀር በመጠን አትፍረዱ። አበራረር ይሻላል፦ እንግዳው ሲንሳፈፍ የክንፉን ጫፍ ወደ ታች ዘንበል ያደርጋል፣ ባላገሩ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስፖትድ ኢግል የሚባሉት ሌሎች ጠቆር ያሉ ንስሮችም በበጋ ያልፋሉ። አነስ ያሉ፣ አፋቸው አጭር፣ ጅራታቸው አጠር ያለ ነው። ምልክቶቹ ከሁለቱም ጋር አልገጥም ካሉ በግድ ከአንዱ ጋር አታዋህዱ።

5. አሁን ቀለሙን ጨምሩ

አፍና ክንፍ ያሉትን ቀለም ቢደግፍ ደስ ይበላችሁ። ቢቃወም አፉን እመኑ። ቀለም ብቻውን የሚበቃበት አንድ ሁኔታ አውቃለሁ፦ ነጭ መቀነት ያለው ወጣት እንግዳ። ሌላው ሁሉ ምስክር ይፈልጋል።

6. ጠባያቸውን አስተውሉ

እንግዳው መሬት ይወዳል፣ ማኅበርም ይወዳል። ጎጆውም መሬት ላይ ስለሆነ የለመደው ነው። የታረሰ ማሳ ላይ አምስት ስድስት ሆነው እንደ ዶሮ እየተራመዱ ምስጥና ፌንጣ ሲለቅሙ ልታገኟቸው ትችላላችሁ፤ ይህን ለንስር የማይመጥን ሥራ አድርገው የሚያዩ አሉ፣ እኔ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አቆራርጦ የመጣ ወፍ ጉልበቱን በዚህ ጥበብ መቆጠቡን አደንቃለሁ። ባላገሩ ብቻውን ወይም ከጥንዱ ጋር ይውላል፣ ከፍ ያለ ዛፍ ይመርጣል፣ ሌላ ወፍ ያደነውንም ይነጥቃል። ጭልፊት አይጥ ይዞ ሲበር ከላይ ወርዶ የሚያስጥለውን ንስር ካያችሁ፣ ደብተራችሁ ላይ በትንሹ ጻፉት፣ ከዚያ አፉን ፈልጉ። ጠባይ ብቻውን አይፈርድም፤ እንግዳውም ይነጥቃል።

7. መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ወፍ እነዚህን ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአፉ መስመር የት እንዳቆመ፣ የዓይን ቀለም፣ መቀነት መኖሩና አለመኖሩ፣ ዕድሜ፣ ምን ይሠራ እንደነበር። የዝርያውን ስም መጨረሻ ላይ ጻፉ። ስሙን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ምልክቶቹን ለስሙ እያመቻቸ ይሞላል፤ እኔ ያን በጋ ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር። ኢበርድ በሚባለው መተግበሪያ ላይ ብታሰፍሩት ሌሎች ፎቶውን አይተው ያርማሉ።

እግሩን ሳታዩ አትሂዱ። ቀለበት ወይም ጀርባው ላይ የታሰረ መከታተያ ሊኖረው ይችላል፤ በቀለበቱ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር አንድም ሳታስቀሩ ገልብጡ። የሩሲያ ተመራማሪዎች በስልክ መልእክት ያለችበትን ቦታ የሚልክ መሣሪያ ያሰሩባት ሚን የተባለች ንስር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በካዛክስታን ኔትወርክ በሌለበት ቆይታ ኢራን ስትገባ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ በውድ የሮሚንግ ዋጋ ልካ የፕሮጀክቱን ገንዘብ ጨርሳለች። ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ነው ክትትሉ የቀጠለው። እናንተ የምትገለብጡት አንድ ቁጥር ለእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የሞተ ንስር ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ እንግዳውን በየአገሩ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ምሰሶ ነው። ራሱን ከጎን፣ አንዱን ክንፍ ተዘርግቶ ከሥር፣ እግሩን፣ ምሰሶውንም አንሱ። በአጠገቡ የሞተ ውሻ ወይም ጅብ ካለ ግን መርዝ ሊሆን ስለሚችል ምንም ነገር በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልጆችንም አርቁ።

የአፉን ጫፍ ካላያችሁ፣ ክንፉም ከሩቅ ከሆነ፣ "ንስር፣ ያልተለየ" ብላችሁ ጻፉ። የእኔ ደብተር ውስጥ እንደዚህ ያሉ ብዙ መስመሮች አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በ1 ሰዓት እዚያው ጓል ላይ ተመልሶ ይቀመጥ እንደሆነ ሄዶ ማየት ነው።